«ስኮሬ ይበቃኛል ወይ?» ከሰሜን ሸዋ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ለምታመለክቱ

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ጂአርኢ 308 አመጣሁ፤ ይበቃኛል ወይ?» «አይልትስ ላይ ራይቲንግ 5.5 ሆነብኝ፤ በቃ ቀረ ማለት ነው?» ጂአርኢ ለድኅረ ምረቃ ማመልከቻ የሚቀርብ የሒሳብ፣ የንባብና የጽሑፍ ፈተና ነው፤ አይልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ሲሆን ራይቲንግ የጽሑፍ ክፍሉ ነው። ጠያቂዎቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ረዳት ሌክቸረሮች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶች ናቸው። ቀን ሠርተው ማታ የሚያጠኑ፣ የፈተናውን ክፍያ ከደመወዛቸው ቆጥበው ያጠራቀሙ ሰዎች ናቸው። ለጂአርኢ 220 ዶላር የከፈለ ሰው ውጤቱ ካልሆነለት ገንዘቡም የማመልከቻ ዓመቱም ሊያልፈው ስለሚችል ጭንቀቱ በቂ ምክንያት አለው።

ማመልከቻ አብሬ ሳዘጋጅ ደጋግሜ የማየው ግን ብዙ ሰው ጭንቀቱን ያለ ቦታው ሲያውለው ነው። ጂአርኢ ለማይጠይቅ ዲፓርትመንት ስለ ጂአርኢ እንቅልፍ ያጣል፤ በግማሽ ነጥብ ሊያስቀረው ወደሚችለው የእንግሊዝኛ ፈተና ደግሞ «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» ብሎ ያለ ዝግጅት ይገባል። የሁለቱ ፈተናዎች ሥራ ለየቅል ነው። የእንግሊዝኛው ወንፊት ነው፤ የተቆረጠውን ነጥብ ካገኛችሁ አለፋችሁ፣ ካላገኛችሁ ፋይላችሁን የሚከፍተው የለም። ጂአርኢ ሚዛን ነው፤ ከትራንስክሪፕት፣ ከድጋፍ ደብዳቤና ከዓላማ መግለጫ ጋር አብሮ ይመዘናል። በወንፊቱ ላይ እስክታልፉ ተጨነቁ፤ ካለፋችሁ በኋላ ግን 7 ያመጣችሁትን 7.5 ለማድረግ አንድ ብር አታውጡ። ሚዛኑ ላይ ያለው ስሌት ሌላ ነው።

መጀመሪያ፣ ይጠየቃል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የፈተና ጣቢያዎችን ሲዘጋ ብዙ የአሜሪካ ዲፓርትመንቶች ጂአርኢን አነሡ። ከፊሎቹ በኋላ መለሱት፤ ብዙዎቹ ግን እንዳነሡት ቀርተዋል። በአውሮፓ ለማስተርስ ጂአርኢ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ የኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ) ፕሮግራሞች አይጠይቁም፣ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግም አይጠይቅም። ቼቭኒንግ የሚፈልገው የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው፤ ይህ ደግሞ በሙሉ ጊዜ ሥራ የሁለት ዓመት ያህል ስለሆነ እዚህ ላሉ መምህራን ከባድ አይደለም። አሜሪካ ላይ የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ የሚያመለክት ሰው ግን የኳንት (የጂአርኢ የሒሳብ ክፍል) ነጥቡ በደንብ እንደሚታይ አውቆ ይዘጋጅ።

መረጃውን የምታዩት በዲፓርትመንቱ ገጽ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት «እንደ ምርጫ ነው» ሲል ዲፓርትመንቱ «ግዴታ ነው» ሊል ይችላል፤ የሚገዛችሁ ዲፓርትመንቱ ነው። ገጹ የምታመለክቱበትን ዓመት የሚመለከት መሆኑንም አረጋግጡ፤ ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ሳይነሣ ይቆያል። የምታገኙት መልስ ከአራት አንዱ ይሆናል፦ ግዴታ ነው፣ ከፈለጋችሁ ላኩ፣ አያስፈልግም፣ ብትልኩም አናይም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሆኑ ጉዳዩ አለቀ፤ 220 ዶላሩን ለማመልከቻ ክፍያ አውሉት። «ከፈለጋችሁ ላኩ» ከሆነ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ስኮሩ ትራንስክሪፕታችሁ የማያሳየውን ነገር ያሳያል? ሲጂፒኤው 3.1 ሆኖ ኳንቱ 165 የሆነ ሰው ይላክ። ሲጂፒኤው 3.8 ሆኖ ኳንቱ 153 የሆነ ሰው አይላክ፤ ዝም ቢል አይጎዳም።

ገጹ ግልጽ ካልሆነ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ኢሜይል ጻፉ፤ ፕሮፌሰሩን በዚህ አታስቸግሩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁና ለየትኛው ፕሮግራም፣ ለየትኛው ዓመት እንደምታመለክቱ፤ ጂአርኢ ግዴታ መሆን አለመሆኑ፤ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በእንግሊዝኛ ስለተሰጠ ከእንግሊዝኛ ፈተና ነጻ ትሆኑ እንደሆነ። እግረ መንገዳችሁን የማመልከቻ ክፍያ ይነሣ እንደሆነም ጠይቁ። ብዙ ፕሮግራሞች ለጠየቀ ያነሣሉ፤ ላልጠየቀ ግን ማንም አይነግረውም።

308 ማለት ምን ማለት ነው?

308 የሚባል ቁጥር የጂአርኢ ሪፖርት ላይ የለም። ሪፖርቱ ላይ ያሉት ሦስት የተለያዩ ነጥቦች ናቸው፦ ቨርባል (ንባብና ቃላት) ከ130 እስከ 170፣ ኳንት ከ130 እስከ 170፣ ጽሑፍ ከ0 እስከ 6። ደምሮ አንድ ቁጥር ማድረግ የእኛ ልማድ ነው፤ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ራሱ እንዳይደመር፣ አንድ የተቆረጠ ነጥብም ብቸኛ መለያ እንዳይሆን ለዩኒቨርሲቲዎች ይመክራል። ቨርባል 148 እና ኳንት 160 ያለው ሰውም፣ ቨርባል 157 እና ኳንት 151 ያለው ሰውም 308 ነኝ ይላል። የመጀመሪያው ለሲቪል ምህንድስና፣ ሁለተኛው ለታሪክ ወይም ለሥነ ትምህርት ይሻላል። ቢቀያየሩ ሁለቱም ይቸገራሉ።

ከነጥቡ አጠገብ ያለውን የመቶኛ ደረጃ እዩ። ቨርባል 160 ማለት ከ10 ተፈታኝ ከ8 በላይ መብለጥ ነው፤ ኳንት 160 ማለት ግን መሐል ላይ መሆን ነው፤ በዓለም ዙሪያ ኳንት ላይ ጠንካራ ተፈታኝ ብዙ ስለሆነ። ሙሉ 170 ያገኘ ሰው እንኳ ኳንት ላይ የሚበልጠው ከ10 ሰው 9 ያህሉን ነው። ስለዚህ «ሁለቱም 160 ናቸው» ብሎ እኩል መደሰትም እኩል ማዘንም ልክ አይመጣም።

ሌላው፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ ወደ ሁለት ነጥብ ያህል የመለኪያ ስሕተት አለ። ያው ሰው ምንም ሳይጨምር ነገ ቢፈተን 158ቱ 160 ወይም 156 ሊሆን ይችላል። ለሁለት ነጥብ ብሎ እንደገና 220 ዶላር መክፈል የማይመከረው ለዚህ ነው።

ፈተናው ላይ ነጥብ የሚያልቀው የት ነው?

ጂአርኢ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ አጥሯል። አሁን 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው፤ በመሐል እረፍት የለውም። በ30 ደቂቃ የሚጻፍ አንድ ጽሑፍ ይቀድማል። ቨርባል 27 ጥያቄ ነው፦ 12ቱ በ18 ደቂቃ፣ 15ቱ በ23 ደቂቃ። ኳንትም 27 ነው፦ 12ቱ በ21 ደቂቃ፣ 15ቱ በ26 ደቂቃ። ለአንድ የኳንት ጥያቄ የምታገኙት 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ፣ ለቨርባል 1 ደቂቃ ተኩል ነው። የቆዩ መጽሐፎች የሚያወሩት ስለ አሮጌው፣ ወደ አራት ሰዓት ስለሚጠጋው ፈተና ነው። ጥያቄዎቻቸው አሁንም ይጠቅማሉ፤ የሰዓት አከፋፈላቸው ግን ያሳስታል።

የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ውጤታችሁ ነው። ሁለተኛው ከበደ ማለት ጥሩ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ቦታ «አበላሸሁ» ብሎ ይደነግጥና እውነትም ያበላሻል። በአንድ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ዘልሎ መመለስ ይቻላል። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

ምህንድስናና ተፈጥሮ ሳይንስ ያጠኑ ልጆቻችን ኳንት ላይ ነጥብ የሚጥሉት ካልኩለስ ስላልቻሉ አይደለም፤ ካልኩለስ ፈተናው ውስጥ የለም። የሚጥሏቸው ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል የተማሯቸው ነገሮች ናቸው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። «የአንድ ቁጥር ስኩዌር 9 ነው» ይባልና በመጀመሪያው ዓምድ ያ ቁጥር፣ በሁለተኛው ዓምድ 3 ይቀመጣል፤ የትኛው ይበልጣል? ቸኩሎ «እኩል ናቸው» የሚል ብዙ ነው። ቁጥሩ ግን ኔጌቲቭ 3ም ሊሆን ስለሚችል ትክክለኛው መልስ «ከተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም» ነው። እንደዚሁ «አንድ ቁጥር እና ስኩዌሩ» ሲባል ስኩዌሩ ይበልጣል ብሎ መቸኮል አለ፤ የግማሽ ስኩዌር ሩብ መሆኑ ይረሳል። ለእንዲህ ዓይነት ማወዳደሪያ ጥያቄዎች የሚሠራው ዘዴ መልስ ከመምረጥ በፊት አምስት ቁጥሮችን መሞከር ነው፦ 0፣ 1፣ ግማሽ፣ ኔጌቲቭ 2 እና 100። በሁለት ቁጥሮች የተለያየ መልስ ካገኛችሁ ጥያቄው ተፈታ ማለት ነው። ፐርሰንትም እንዲሁ ያስታል፤ ዋጋው 20 በመቶ ጨምሮ ተመልሶ 20 በመቶ ቢቀንስ 100 ብር የነበረው 96 ይሆናል እንጂ ወደ 100 አይመለስም።

ኢቲኤስ በነጻ የሚለቀው የሒሳብ መከለሻ ሰነድ አለ። አውርዳችሁ አትሙት። ኔትወርክ በማይገኝበት ወረዳ ለምታስተምሩ ከማንኛውም ቪዲዮ ይልቅ ይህ ይጠቅማችኋል። ፓወርፕሬፕ የሚባሉ ነጻ የሙከራ ፈተናዎችም አሉ፤ እነዚህ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ነጻዎቹ ጥቂት ስለሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት አታባክኗቸው፦ አንዱን መነሻችሁን ለማወቅ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌላውን ከፈተናው ሰባት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ በአንድ ቁጭታ፣ ስልክ ዘግታችሁ ሥሩ።

ቨርባል ላይ የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ብቻውን አያወጣም። አንድ ቃል ስታጠኑ ዓረፍተ ነገሩንም አብራችሁ ያዙ፤ ጥያቄው የሚፈትነው ቃሉ በቦታው የሚሠራውን ሥራ ነውና። ሁለት ወይም ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ጥያቄ ሁሉም ካልተመለሰ ምንም ነጥብ አይሰጥም፤ ሁለት መልስ የሚመረጥበትም አንዱ ከተሳሳተ ዜሮ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ ተቀምጦ ሦስት ቀላል የንባብ ጥያቄ ማጣት ትልቁ ኪሳራ ነው። ምልክት አድርጋችሁ ዝለሉት።

ጽሑፉ ላይ የማየው የተለመደ ችግር ረጅም መግቢያ ነው። «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ» ብሎ ስምንት መስመር ከተጻፈ በኋላ አቋሙ ገና አልተነገረም። በመጀመሪያው አንቀጽ በሦስት ዓረፍተ ነገር አቋማችሁን ተናገሩ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ ምክንያትና አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ያላቸው ሁለት አንቀጾች፤ ከዚያ አቋማችሁ የማይሠራበትን ሁኔታ የሚያምን አንድ አንቀጽ። ምሳሌው ከአሜሪካ ታሪክ መምጣት የለበትም። የመንዝን የጓሳ ሣር ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት (የጓሳውን አጠቃቀም በሚወስነው የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት) ለዘመናት እንዴት እንደጠበቀው በአራት መስመር ማስረዳት የምትችሉ ከሆነ ስለ ጋራ ሀብት ለሚነሣ ርዕስ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ፈታኙ ከሺህ ሰው ያላነበበው ምሳሌም ይሆናል። የርዕሶቹ ሙሉ ዝርዝር ኢቲኤስ ገጽ ላይ በይፋ ተቀምጧል። ጽሑፉ የሚጻፍበት ቦታ የፊደል ግድፈት እንደማያርም አውቃችሁ ሦስት ደቂቃ ለማንበብ አስተርፉ።

ስም፣ ካርድና ሰዓት

ከነጥብ በፊት ሰውን የሚያስቀረው ይህ ነው። ስትመዘገቡ ስማችሁን ከፓስፖርታችሁ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ፓስፖርቱ የትኛውን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ እንዳስቀመጠው አይታችሁ በዚያው ቅደም ተከተል ሙሉት። ዲግሪያችሁ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ ፊደል ቢለይም ለፈተናው የሚቆጠረው ፓስፖርቱ ነው፤ ልዩነቱን ለዩኒቨርሲቲው በኋላ ከሬጅስትራር በሚወጣ ደብዳቤ ታስረዳላችሁ። ፓስፖርት የሌላችሁ ከጥናቱም በፊት እሱን ጀምሩ።

ክፍያው በዶላር ስለሆነ ዓለም አቀፍ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ባንካችሁን ጠይቁ፤ ካልሆነ ውጭ ያለ ዘመድ ሊከፍልላችሁ ይችላል። በደላላ የምታስከፍሉ ከሆነ አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይልና በራሳችሁ የይለፍ ቃል ይከፈት። በሌላ ሰው ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ውጤት በሚላክበት ቀን ባለቤቱ ስልክ ካላነሣ ምንም ማድረግ አትችሉም። ቀን መቀየር ወይም መሰረዝ ከፈለጋችሁ ፈተናው 4 ቀን ሳይቀረው መሆን አለበት፤ ካለፈ ገንዘቡ ሄደ።

ቀጠሮው የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 9፡00 ኤኤም ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 2፡00 ፒኤም ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ወረቀት ላይ በሁለቱም ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አዲስ አበባ ለምትፈተኑ፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ በዕለቱ ሌሊት አትነሡ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ግቡ። ከመንዝና ከመርሐ ቤቴ የምትመጡ ደግሞ ከዚያም ቀደም በሉ።

ቤት ሆኖ መፈተንም ይቻላል፤ ግን ደንቡ ጥብቅ ነው። ክፍል ውስጥ ብቻችሁን፣ በር ዘግታችሁ፣ በሩ ለተቆጣጣሪው በካሜራ እየታየ፣ ጠረጴዛና ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትፈተኑት። አልጋ ላይ መቀመጥ አይፈቀድም። በታብሌት አይሠራም። የጆሮ ማዳመጫ አይፈቀድም፤ ድምፁ ከኮምፒውተሩ ስፒከር መሰማት አለበት። ማስታወሻ በወረቀት መያዝ ክልክል ነው፤ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ወይም በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀትና የሚጠፋ ማርከር ያስፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ የጻፋችሁትን እያሳያችሁ ታጠፉታላችሁ። ጆሯችሁ በፈተናው ጊዜ ሁሉ መታየት አለበት። ኅዳርና ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጋቢ ተከናንቦ ወይም የሱፍ ኮፍያ ደፍቶ መፈተን አይሆንም ማለት ነው፤ ሙቀቱን በሹራብና በካልሲ ፈልጉት። ለሃይማኖት የሚደረግ መሸፈኛ ጆሮን እስካልሸፈነ ድረስ ይፈቀዳል። ባትሪው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የሚይዝ ላፕቶፕ፣ መብራት ቢሄድ ራውተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ፣ በተጠባባቂነት ካርድ የተሞላ የስልክ ኢንተርኔት ከሌላችሁ የአዲስ አበባውን ጣቢያ ምረጡ። ክረምት ላይ ለቤት ፈተና ባትቀጠሩ እመርጣለሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ መብራቱ አያስተማምንም።

ጣቢያ ለሚፈተን ሰው አንድ ነገር፦ በፈተናው ቀን ለ4 ተቋማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ውጤት መላክ ይቻላል። የዩኒቨርሲቲዎቹን ኮድ ቀድማችሁ በቃላችሁ ያዙ፤ ከዚያ ቀን በኋላ እያንዳንዱ ይከፈልበታል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለማመልከቻው ራሳችሁ የጻፋችሁትን ነጥብ ተቀብለው ይፋዊውን የሚጠይቁት ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ ገንዘብ አታውጡ።

ልድገም ወይስ ልተው?

በ21 ቀን አንዴ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል፤ ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። የትኛውን ውጤት እንደምትልኩ የምትመርጡት እናንተ ስለሆናችሁ ዝቅ ያለው ሙከራ በራሱ አይጎዳችሁም።

ለመወሰን የፈተናውን ነጥብ ከሙከራ ፈተናዎቻችሁ አማካይ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከ3 ነጥብ በታች ከሆነ ያመጣችሁት ትክክለኛ አቅማችሁን ነው፤ አዲስ ጥናት ሳይጨመርበት ቢደገም ያው ይመጣል። 6 እና ከዚያ በላይ ከወረደ በዕለቱ የተበላሸ ነገር ነበረ፦ ሰዓት፣ እንቅልፍ፣ ድንጋጤ። ያን ለይታችሁ ድገሙ። ደግሞም ዲፓርትመንቱ የተቀበላቸውን ተማሪዎች አማካይ ካወጣ ከዚያ ጋር አወዳድሩ። በሚፈልጉት ክፍል ከአማካዩ በላይ ከሆናችሁ ቀሪውን ጊዜ ለዓላማ መግለጫው ስጡ። ለአብዛኛው ሰው ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ያለው ሰዓት ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው።

የዓላማ መግለጫው ውስጥ ስለ ስኮር ይቅርታ አትጠይቁ። ገጹ ስለ ምርምር ጥያቄያችሁ ነው። ትራንስክሪፕታችሁ ደከም ያለ ከመሰላችሁ የሚያስረዳው ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል፦ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር «ከ62 ተማሪ 4ኛ ሆና ጨርሳለች» የሚል አንድ መስመር ቢያስገባ 3.2 የነበረው ሲጂፒኤ ሌላ ትርጉም ያገኛል። የውጭ ኮሚቴ የእኛን የማርክ አሰጣጥ ጥብቅነት ከቁጥሩ ብቻ አያውቀውም። ደብዳቤውን ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ትራንስክሪፕታችሁን፣ የመግለጫችሁን ረቂቅና የመጨረሻውን ቀን አያይዙላቸው፤ ከተቻለ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው እንዲልኩ በትሕትና ለምኑ።

ወንፊቱ

አይልትስ ላይ የምፈራው የንዑስ ነጥቡን ነው። ሊስኒንግ 6.5፣ ሪዲንግ 6.5፣ ራይቲንግ 5.5፣ ስፒኪንግ 7 ያመጣ ሰው አማካዩ 6.375 ሆኖ ወደ 6.5 ይጠጋለታል። ፕሮግራሙ «ጠቅላላ 6.5፣ በየትኛውም ክፍል ከ6 ያላነሰ» ካለ ግን አላለፈም። ብዙዎችን የሚያስቀረው ራይቲንግ ነው፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ የሰዓት አከፋፈል ነው። ለ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፍ አለ፦ የመጀመሪያው ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። 20 ደቂቃ ለመጀመሪያው፣ 40 ለሁለተኛው፤ ግራፉን ስትገልጹ 30 ደቂቃ ካለፈ ፈተናው ተበላሽቷል። አካዳሚክ የሚባለውን መመዝገባችሁን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ጄኔራል ትሬኒንግ ለዩኒቨርሲቲ አያገለግልም። ውጤቱ ትክክል አይደለም ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ በ6 ሳምንት ውስጥ እንደገና እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል፤ ነጥቡ ከተለወጠ የከፈላችሁት ይመለሳል። ይህን የምመክረው አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በጣም ሲርቅ ነው። አይልትስም፣ ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ቶፍልም የሚያገለግሉት 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀድሞ መፈተን ራሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሬጅስትራሩን ደብዳቤ ሞክሩ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ ብዙ ተቋማት የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይቀበላሉ። ደብዳቤው አርማና ማኅተም ያለው፣ የዲግሪያችሁን ስም፣ የገባችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ዓመት፣ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚጠቅስ ይሁን። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ቢጻፍ ለብዙ ቦታ ይሆናል። ዱኦሊንጎ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው፤ ከቤት ይሠራል፣ ዋጋውም ከሁለቱ ያነሰ ነው።

ለአገር ውስጥ የምታመለክቱ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ አዲስ አበባ፣ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ወንፊት ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሰጥ ስለሆነ ስክሪን ላይ ማንበብ ያልለመዳችሁ ቀድማችሁ ተለማመዱ። የቋንቋና የቁጥር ክፍሉ ከጂአርኢ ዝግጅት ጋር ስለሚቀራረብ ሁለቱን አንድ ላይ ማጥናት ይቻላል። ማለፊያውን ከዘንድሮው ማስታወቂያ አንብቡ እንጂ ካለፈው ዓመት ተፈታኝ አትያዙ።

ወደ ኋላ ስትቆጥሩ

ብዙ የአሜሪካ ፒኤችዲ ማመልከቻዎች የሚዘጉት ዲሴምበር 1 ወይም 15 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 6። የጂአርኢ ይፋዊ ውጤት ከ8 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ለኅዳር 22 የሚደርስ ሁለተኛ ሙከራ ከኅዳር 12 ማለፍ የለበትም፤ በሁለቱ መካከል 21 ቀን ስለሚያስፈልግ የመጀመሪያው ከጥቅምት 21 ማለፍ የለበትም። ይህ የመጨረሻው ጠርዝ ነው። መምህራን ሰኔ ላይ ጀምራችሁ በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እያጠናችሁ ነሐሴ መጨረሻ ብትፈተኑ ትምህርት ሳይጀመር ውጤታችሁን ታውቃላችሁ፤ ለመድገምም መስከረምና ጥቅምት ይተርፋችኋል። ፖርታሉ «11፡59 ፒኤም» ሲል በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ከሆነ በክረምታቸው ለእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡59 ነው። የሰዓቱ ዓይነት ካልተጻፈ ግን በእኛው ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አስገቡ፤ ክፍያው ከፋይሉ በኋላ የሚጠየቅ ስለሆነ ካርዱ አንዴ እንቢ ቢል ሌላ ለመሞከር ጊዜ ይኑራችሁ።